ሳይንቲስቷ ሥልጣን ላይ፦ ደስ የማይል ውጤት ሲመጣ ማን ይናገራል?

ክላውዲያ ሼይንባም ጁን 2 ቀን 2024 ከተሰጠው ድምፅ 60 በመቶ ገደማውን አግኝተው የሜክሲኮን ምርጫ ሲያሸንፉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለም መገናኛ ብዙኃን ሁለት ነገሮችን ደጋግመው አነሱ። አንደኛው ከ200 ዓመት በላይ ባስቆጠረው የአገሪቱ የነጻነት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ሳይንቲስት መሆናቸው ነው። ብዙ ተስፋ የተጫነው በሁለተኛው ላይ ነበር። የአየር ንብረት ለውጥን ያጠኑ ምሁር ነዳጅ ዘይት አምራች የሆነችን አገር ሊመሩ ነው፤ ከእንግዲህ ውሳኔ የሚሰጠው በመረጃ ነው፤ ግምትና መፈክር ቦታ አይኖራቸውም ተባለ።

ተስፋው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ነገር ግን ሳይንስን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደተቀመጠ ዕውቀት አድርጎ የሚያይ ተስፋ ነው። ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሌላው ሰው የበለጠ ቅን ስለሆነ አይደለም የሚታመነው። ውጤቱን ሌላ ሰው ፈትሾ “ይህ ስህተት ነው” የማለት መብት ስላለው፣ ያም ሰው ይህን በማለቱ ከሥራው ስለማይባረር ነው። ተመራማሪዋ ፕሬዝዳንት ስትሆን ዲግሪዋ አብሯት ይገባል፤ ገምጋሚዎቿ ግን በር ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። የሼይንባምን መንገድ ከመጀመሪያ ጀምሮ ስመለከተው ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ የማይወዱት ውጤት ሲመጣ ምን አደረጉ?

ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ምድጃ ነው። ሼይንባም በ1962 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በኬሚስትሪ የተማሩ፣ እናታቸው አኒ ፓርዶ ደግሞ የሥነ ሕይወት ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። አያቶቻቸው በአባት ወገን ከሊትዌኒያ፣ በእናት ወገን ከቡልጋሪያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። ልጅቱ ፊዚክስ ያጠኑት በሜክሲኮ ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ፣ በአገሬው አጠራር ኡናም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ ጠፈርም ስለ አቶምም አልነበረም። ርዕሱ ለገጠር ቤተሰብ የሚሆን የማገዶ ምድጃ የቴርሞዳይናሚክስ ጥናት ነው። ለዚህም በሚቾአካን ግዛት ወደሚኖሩት የፑሬፔቻ ሕዝብ መንደሮች ሄደው ነበር።

እንዲህ ዓይነት ጥናት ሲታሰብ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እንጨቱ ይመዘናል፣ እርጥበቱ ይለካል። የሚታወቅ መጠን ያለው ውሃ ይጣዳል፣ ሙቀቱ በየደቂቃው ይመዘገባል። ከእንጨቱ የወጣው ሙቀት ስንት እጅ ድስቱ ውስጥ ገባ፣ ስንት እጅ በጭስና በግድግዳ ባከነ ተብሎ ይሰላል። ክፍት እሳት ላይ አብዛኛው ሙቀት በከንቱ ይጠፋል፤ ጭሱ ደግሞ እናትና ልጅ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ግን በሒሳብ የተዋጣለት ምድጃ ሴቲቱ የምትጋግርበትን ምጣድ ካልቻለ፣ ወይም እንጨቱን አድቅቃ እንድትፈልጥ ካስገደዳት አትጠቀምበትም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሥራው ሊከሽፍ ይችላል። ለወደፊት ፖለቲከኛ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት አላውቅም።

በዚያው ዘመን ሌላም ትምህርት ቤት ነበራቸው። በ1986 እና 1987 የኡናም አስተዳደር ክፍያ ለመጨመርና መግቢያውን ለማጥበቅ ሲነሳ ተማሪዎች አድማ መቱ፤ ሼይንባም ከእንቅስቃሴው አባላት አንዷ ነበሩ። ተማሪዎቹ አስተዳደሩን ወደ ኋላ መለሱት። በ1991 የያኔው ፕሬዝዳንት ካርሎስ ሳሊናስ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ ተቃውሞ ከወጡት መካከልም ነበሩ፤ መፈክር ይዘው የቆሙበት ፎቶ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ታትሟል። ካሊፎርኒያ የነበሩት በሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ምርምር እያደረጉ ስለነበር ነው። ጥናቱ ሜክሲኮ ኃይል የምትፈጀው የትና እንዴት እንደሆነ የሚመረምር ነበር። በ1995 በኢነርጂ ምህንድስና ዶክትሬታቸውን ሲይዙ በኡናም በዚያ ዘርፍ ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ቤተ ሙከራውና የተቃውሞ ሰልፉ ከመጀመሪያው አብረው ያደጉ ናቸው። ስለዚህ “ሳይንቲስት ሆነው ኖረው በስተርጅና ፖለቲካ ውስጥ ገቡ” የሚለው ትረካ ልክ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ በተደጋጋሚ የሚነገር ነገር ማረም ያስፈልጋል። ሼይንባም “የኖቤል ተሸላሚ” እየተባሉ ይጻፋል። የ2007ቱን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከአል ጎር ጋር የተካፈለው በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ ነው። እርሳቸው ጉባኤው ካወጣቸው ትላልቅ ዘገባዎች በአራተኛውና በአምስተኛው፣ ኢንዱስትሪን በሚመለከተው ምዕራፍ ላይ ሠርተዋል። በዘገባዎቹ የተሳተፉት ተመራማሪዎች ግን እጅግ ብዙ ናቸው፤ ጉባኤውም ሽልማቱ የድርጅቱ እንጂ የየግለሰቡ እንዳልሆነ በይፋ አስታውቋል። ክብራቸውን አይቀንስም። የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካ ምን ያህል ጋዝ እንደሚለቅና እንዴት መቀነስ እንደሚቻል የሚተነትን ምዕራፍ ላይ መሥራት በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

በ2000 አንድሬስ ማኑኤል ሎፔስ ኦብራዶር የሜክሲኮ ሲቲ አስተዳዳሪ ሲሆኑ ሼይንባምን የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ አደረጓቸው። በስድስት ዓመቱ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተሠሩ። አንደኛው በ2005 ኢንሱርሄንቴስ በተባለው ረጅሙ ጎዳና ላይ ሥራ የጀመረው ሜትሮቡስ ነው፤ የራሱ መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ ሲሆን ብዙ አሮጌ ሚኒባሶችን ከመንገድ አስወጥቷል። ሁለተኛው ፔሪፌሪኮ በተባለው የቀለበት መንገድ ላይ የተሠራው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ይህ የግል መኪና ላላቸው ሰዎች የተሠራ ድልድይ መንገድ ሲሆን ግንባታውን እንዲመሩ የተመደቡት የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዋ ራሳቸው ነበሩ። የትራንስፖርት ጋዝ ልቀትን ያጠና ሰው አዲስ መንገድ አዲስ መኪና እንደሚጠራ ያውቃል። ይሁንና አለቃቸው መንገዱን ፈለጉት፤ ተሠራ። በዚህ ግንኙነት ውስጥ የዕውቀት ጉድለት አልነበረም። ታማኝነት ነበር፤ እስከ ዛሬም አለ።

በ2018 እርሳቸው በተራቸው የከተማዋ አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ። ለ9 ሚሊዮን ሰው መኖሪያ የሆነችውን ከተማ ሲመሩ መሐንዲስነታቸው በግልጽ ይታይ ነበር። ከተማዋን የምትመግበው የሴንትራል ደ አባስቶ ግዙፍ ገበያ ጣሪያ በፀሐይ ኃይል ፓነል ተሸፈነ። ኳውቴፔክ በሚባለው ኮረብታማ የድሆች ሰፈር በ2021 የገመድ ላይ መጓጓዣ ተከፈተ። ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ነው፤ ቁልቁል በአውቶቡስ ሲጉላላ የነበረውን ሰው በአየር ላይ አሻግሮ ምድር ባቡር ጣቢያ ያደርሰዋል። እነዚህን ሥራዎች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም ሊለኩ የሚችሉ ናቸው፤ ስንት ሜጋዋት፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ተሳፋሪ። ማንንም ክፉኛ አያስቀይሙም። ሼይንባም ከሁሉ የሚሻሉት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ፕሬዝዳንቱ ሎፔስ ኦብራዶር የአፍ መሸፈኛ ለማድረግ እምቢ ባሉበት ወቅት ሼይንባም ሳያወልቁ ይታዩ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ሰፊ ምርመራን እንደ አላስፈላጊ ሲቆጥር ከተማዋ ምርመራን አስፋፋች። አለቃቸውን በቃል ሳይነቅፉ በተግባር ሌላ መንገድ ሄዱ። ብዙዎች ሳይንቲስቷ ታዩ ያሉትም ያኔ ነው።

ይሁንና በዚያው ወረርሽኝ የተፈጸመ ሌላ ታሪክ አለ፤ ብዙም አይወራም። የከተማው አስተዳደር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቫይረሱ ለተገኘባቸው ሰዎች የመድኃኒት ጥቅል ማደል ጀመረ። በጥቅሉ ውስጥ አይቨርሜክቲን ነበረበት። ይህ ለጥገኛ ትላትል በሽታዎች እጅግ ጠቃሚ የሆነ መድኃኒት ነው፤ ኮቪድን እንደሚፈውስ ግን አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2021 ከክሊኒካዊ ሙከራ ውጭ ለኮቪድ እንዳይሰጥ መከረ። የከተማዋ ባለሥልጣናት በበኩላቸው ጥቅሉን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ሰዎች የሆስፒታል መዝገብ አነጻጽረው ጽሑፍ አወጡ። ጥቅሉ ሆስፒታል የመተኛትን ዕድል ከ52 እስከ 76 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነበር። ጽሑፉ የተለጠፈው በአቻ ምሁራን ከመገምገሙ በፊት ጥናቶች በሚቀመጡበት ሶሽአርካይቭ በሚባል ክምችት ላይ ነው።

ችግሩ የት ላይ እንዳለ ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። መድኃኒት ሲፈተሽ ማን እንደሚወስድና ማን እንደማይወስድ በዕጣ ይለያል፤ ካልሆነ ሁለቱ ቡድኖች ከመጀመሪያውም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ዕጣ አልነበረም። ጥቅሉን የተቀበሉት ሰዎችም ውጤታቸው ለጥናት እንደሚውል አውቀው ፈቃድ የሰጡበት ሙከራ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ፖሊሲውን የነደፉት፣ መድኃኒቱን ያደሉትና ፖሊሲው እንደሠራ የመሰከሩት የአንድ አስተዳደር ሰዎች ናቸው። በፌብሩዋሪ 2022 ሶሽአርካይቭ ጽሑፉን አነሳው፤ በአሠራሩ ከዚያ በፊት ያልተለመደ እርምጃ ነበር። ባለሥልጣናቱ ሥራቸውን ተከላከሉ። ሼይንባም ጽሑፉን አልጻፉትም፤ አስተዳደሩ ግን የእርሳቸው ነበር። ዶክትሬት ያላቸው መሪ የሚመሩት ቢሮ ሳይንስ የሚመስል ነገር አቀረበ፤ “አይሆንም” የሚል ድምፅ የመጣው ግን ከአገር ውጭ፣ ደመወዙን ከከተማው ከማይቀበል ወገን ነው።

የምድር ባቡሩ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ሜይ 3 ቀን 2021 ማታ የሜትሮው 12ኛ መስመር ድልድይ በኦሊቮስና በቴዞንኮ ጣቢያዎች መካከል ተደረመሰ፤ 26 ሰዎች ሞቱ። መስመሩ በቀድሞ አስተዳዳሪ ዘመን ተገንብቶ በ2012 የተከፈተ ነው። ሼይንባም ያደረጉት ነገር በመጀመሪያ የሚያስመሰግን ነበር። ዲኤንቪ የተባለ የኖርዌይ ኩባንያ መርማሪ ሆኖ እንዲመጣ ቀጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች ጣታቸውን በግንባታው ላይ ቀሰሩ፦ የብረት ምሰሶውን ከሲሚንቶው ጋር የሚያያይዙት ችካሎች በአግባቡ አልተበየዱም፣ አንዳንድ ቦታም ጎድለዋል። አስተዳደሩ ይህን ተቀበለ። ሦስተኛው ዘገባ ግን አንድ እርምጃ ገፋ፤ ቁጥጥሩ በአግባቡ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ እየጎበጠ መሆኑ አስቀድሞ ሊታይ ይችል ነበር የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ቁጥጥርና ጥገና ደግሞ ሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደር ይመለከታል። ሼይንባም ሦስተኛውን ዘገባ ወገንተኛና ሐሰተኛ ብለው አጣጣሉት፤ ከኩባንያው ጋር ያለውም ውል ተቋረጠ፣ በፍርድ ቤት እንጠይቀዋለን ተባለ።

ኩባንያው ከጥቅም ግጭት የጸዳ ላይሆን ይችላል፤ አስተዳደሩ የከሰሰው በዚያ ነው፤ ማንኛውም ዘገባም ሊሳሳት ይችላል። ግን ሁለቱን ዘገባዎች ተቀብሎ፣ ወደ ራስ የሚያመለክተውን ሦስተኛውን ብቻ መጣል ለየትኛውም የዶክትሬት ተማሪ ቢሆን በአማካሪው ፊት የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ሼይንባም በዚያን ሰዓት አማካሪ አልነበራቸውም።

ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ጥያቄው ከድልድይ ወደ ነዳጅ ዘይት ተሸጋገረ፤ እዚህ ጋ ታሪክን ሳያውቁ መፍረድ ያስቸግራል። ማርች 18 ቀን 1938 ፕሬዝዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የውጭ ኩባንያዎችን የነዳጅ ሀብት ወረሱ። ለካሳው የሚሆን ገንዘብ ሲሰበሰብ ሴቶች በሜክሲኮ ሲቲ የቤያስ አርቴስ ቤተ ጥበባት ተሰልፈው የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጡ፤ ዶሮ ይዘው የመጡም ነበሩ። የመንግሥቱ ኩባንያ ፔሜክስ የተወለደው ከዚህ ነው። ለሜክሲኮ ፔሜክስ እንደ ዓይን ብሌን የሚታይ የሉዓላዊነት ምልክት ነው። የአገሪቱ ግራ ዘመም ፖለቲከኛ ፔሜክስ ይሙት ብሎ መመረጥ አይችልም።

ኩባንያው ግን ታሟል። በ2004 በቀን 3.4 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ያወጣ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በርሜል በላይ የሚሆነው ካንታሬል ከተባለ አንድ የባሕር ውስጥ መስክ የሚመጣ ነበር። መስኩ የተሰየመው በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት መረቡን እያበላሸበት መሆኑን ለፔሜክስ በነገረ ዓሣ አጥማጅ ስም ነው። ካንታሬል ሲደርቅ የአገሪቱ ምርት በግማሽ ገደማ ወረደ። ሼይንባም በ2024 ሥልጣን ሲይዙ የፔሜክስ ዕዳ 100 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር። ሎፔስ ኦብራዶር በትውልድ ግዛታቸው በታባስኮ ዶስ ቦካስ በተባለ ስፍራ በቀን 340 ሺህ በርሜል የሚያጣራ አዲስ ማጣሪያ አስገነቡ፤ ከታቀደለት 8 ቢሊዮን ዶላር በእጅጉ አልፎ ሄደ። ሼይንባም ይህን ሁሉ ወርሰዋል።

ምን አደረጉ? ፔሜክስን እንዲመሩ የሾሙት ቪክቶር ሮድሪጌስ ፓዲያ እንደ እርሳቸው የኡናም የኢነርጂ ምሁር ናቸው። በኦክቶበር 2024 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ፔሜክስና የፌዴራሉ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከትርፍ ይልቅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ የመንግሥት ድርጅቶች ተብለው ተሰየሙ። በአዲሱ ሕግ ቢያንስ 54 በመቶ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከመንግሥቱ ኩባንያ መምጣት አለበት። በሌላ በኩል መንግሥታቸው በ2030 ከኤሌክትሪኩ 45 በመቶው ከንጹሕ ምንጭ ይሆናል ብሏል፤ አሁን ያለው ሩብ ገደማ ነው። በኖቬምበር 2024 ባኩ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤም ሜክሲኮ በ2050 የተጣራ ልቀቷን ዜሮ ለማድረግ ቃል ገባች። ለዓመታት ስታንገራግር ለነበረች አገር ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሜክሲኮ ከምትጠቀመው ጋዝ አብዛኛውን በቧንቧ ከአሜሪካ፣ በተለይ ከቴክሳስ ታስገባለች። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ ስትደነዝዝ ቧንቧው ተዳከመ፤ በሰሜን ሜክሲኮ ሚሊዮኖች መብራት አጡ። እንግዲህ ዶናልድ ትራምፕ ቀረጥ እየጫኑ በሚያስፈራሩበት ዘመን ለአንድ ጎረቤት ያን ያህል መንበርከክ ለማንም መሪ እንቅልፍ ይነሳል። ሼይንባም በምርጫ ዘመቻቸው ድንጋይ ሰንጥቆ ጋዝ ማውጣትን እንደማይፈቅዱ ተናግረው ነበር። በኦገስት 2025 የወጣው የፔሜክስ የአሥር ዓመት ዕቅድ ግን “አስቸጋሪ ጂኦሎጂ” ካላቸው መስኮች ጋዝ ስለ ማውጣት ይናገራል። የአገሪቱ የአካባቢ ተሟጋቾች ስሙ ተቀይሮ የመጣው ያው ነገር ነው ይላሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ በመመረቂያ ጽሑፋቸው ቴርሞዳይናሚክስን የተነተኑ ሰው ነገርን በስሙ መጥራት አያቅታቸውም።

ይህን ሁሉ ሳነብ “ሳይንሱን ረሱት” የሚለው ትችት አያሳምነኝም። የትኛውም የአየር ንብረት ተሟጋች ሊነግራቸው የሚችለውን ቁጥር እርሳቸው ከእርሱ በፊት ያውቁታል። ሳይንስ የአንድ ቶን ካርቦን ጉዳት ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ሒሳቡን የታባስኮ የማጣሪያ ሠራተኛ ይክፈል ወይስ የሞንቴሬይ ፋብሪካ ባለቤት፣ እርሱን አይናገርም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህን ምርጫ ሲመርጡ የሚያርማቸው ማን ቀረ?

በኖቬምበር 2024 የሜክሲኮ ምክር ቤት ሰባት ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት እንዲፈርሱ የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። ሐሳቡን ያመጡት ሎፔስ ኦብራዶር ናቸው፤ ያስፈጸሙት ሼይንባም። የነዳጅና የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪዎቹ በኢነርጂ ሚኒስቴርና በእርሱ ሥር ባለ አንድ ኮሚሽን ተተኩ። ዜጎች ከመንግሥት መረጃ እንዲያገኙ የሚያስገድደው ተቋም ፈረሰ። ኮኔቫል የሚባለው፣ ድህነትን የሚለካውና ማኅበራዊ ፕሮግራሞች መሥራት አለመሥራታቸውን የሚገመግመው ምክር ቤትም ሥራው ለብሔራዊ ስታቲስቲክስ ተቋሙ ተላለፈ። የመንግሥት መከራከሪያ ወጪ ቁጠባና ሙስና ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሚነሳው ቅሬታም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፍርድ ቤቱም አልቀረም፤ ጁን 1 ቀን 2025 ዳኞች በሕዝብ ምርጫ ተመረጡ፣ ድምፅ ሊሰጥ የወጣው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

የኮኔቫል ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱ ደግሞ ውጤቱ ለመንግሥት መልካም መሆኑ ነው። በኦገስት 2025 ስታቲስቲክስ ተቋሙ ባወጣው ዘገባ ከ2018 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከድህነት ወጥተዋል። ዝቅተኛው ደመወዝ በተደጋጋሚ መጨመሩ ትልቅ ድርሻ አለው። የስታቲስቲክስ ተቋሙ የተከበረ ነው፤ ቁጥሩን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ግን ይህን የመሰለ የምሥራች በራሱ በሚቆም፣ ከዚህ በፊት መንግሥትን ደጋግሞ ባስከፋ ለኪ አፍ ቢነገር ኖሮ ተቃዋሚውም አፉን በያዘ ነበር።

ለማነጻጸር የሚሆኑ ብዙ ሰዎች የሉም። አንጌላ ሜርክል ርእሰ ብሔር አልነበሩም፤ መራሒተ መንግሥት ነበሩ። በ1986 ምሥራቅ በርሊን ውስጥ በኳንተም ኬሚስትሪ ዶክትሬት ይዘዋል። በኤፕሪል 2020 አንድ በሽተኛ በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል የሚለውን ቁጥር በቴሌቪዥን ያብራሩበት መንገድ የሚረሳ አይደለም፦ 1.1 ከሆነ የሕክምናው አቅም በኦክቶበር ይሞላል፣ 1.2 ከሆነ በጁላይ፣ 1.3 ከሆነ በጁን። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት፣ ውጤቱ ግን በወራት የሚለያይ መሆኑን ሕዝቡ በሁለት ደቂቃ ተረዳ። ሆኖም እኒሁ ሰው በ2010 የኑክሌር ማመንጫዎችን ዕድሜ አራዝመው፣ በማርች 2011 የፉኩሺማ አደጋ ሲደርስ በቀናት ውስጥ ሐሳባቸውን ገለበጡ። በጀርመን ማመንጫዎች ላይ በዚያ ሳምንት የተቀየረ የፊዚክስ ሕግ አልነበረም፤ የተቀየረው የሕዝቡ ስሜትና የክልል ምርጫ ሒሳብ ነው። ልዩነቱ ሜርክል በጥምር መንግሥት ውስጥ መሆናቸው ነው፤ 16 ክልሎችና ጠንካራ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም ዙሪያቸውን ይዘዋቸው ነበር። በተሳሳቱ ቁጥር የሚነግራቸው አላጡም።

በሌላው ጫፍ አሚና ጉሪብ ፋኪም አሉ። የሞሪሸስን የመድኃኒት ዕፅዋት ለዓመታት ያጠኑ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ናቸው፤ በ2007 የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አግኝተዋል። በጁን 2015 የደሴቲቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሆኑ። አፍሪካ በሙሉ ደስ አላት፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በሞሪሸስ ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው፤ ፕሬዝዳንቷ በጀት አይመድቡም፣ ቤተ ሙከራ አይከፍቱም። ያላቸው ስማቸውና መድረኩ ነበር። እርሱንም ለሳይንስ ትምህርት በሚገባ ተጠቀሙበት። የወደቁት ከሳይንስ ጋር በማይገናኝ ነገር ነው። ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጣቸውን የባንክ ካርድ ለግል ግዢ ተጠቅመዋል ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። ጥፋት እንዳልሠሩና ገንዘቡን እንደመለሱ ቢናገሩም በማርች 2018፣ አገሪቱ የነጻነቷን 50ኛ ዓመት ባከበረችበት ወር፣ ሥልጣን ለቀቁ። ጋዜጣው፣ ፓርላማውና ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ ላይ የሚገፉት ፕሬዝዳንት በሞሪሸስ አለ። በሜክሲኮ የለም፤ የሼይንባም ፓርቲና አጋሮቹ ምክር ቤቱን ይዘዋል፣ በመጀመሪያው ዓመታቸውም በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ከ70 በመቶ በላይ ድጋፍ ነበራቸው።

በሳይንስ ፖሊሲ በኩል አሁን ባለው ላይ ብዙ መናገር አልሻም። አዲስ የሳይንስ ሚኒስቴር አቋቁመው የሥነ ሕይወት ምሁሯን ሮሳውራ ሩይስን ሾመዋል። ኦሊኒያ የተባለ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና በአገር ውስጥ ይሠራል ተብሏል። ገና ሥልጣን በያዙበት መኸር ለ2025 በቀረበው ረቂቅ በጀት ላይ ራሳቸው የተማሩበት ኡናም ተቀንሶበት ተገኘ፤ ስህተት ነው ተብሎ ተስተካከለ። የስህተቱ መስተካከል ዩኒቨርሲቲው ዛሬም ጮሆ መሰማት እንደሚችል ያሳያል፤ ተማሪዎቹ በ1987 እንዳደረጉት። በማርች 2025 ደግሞ በዘረ መል የተለወጠ በቆሎ መዝራት በሕገ መንግሥት ተከለከለ። ምክንያቱ የመጀመሪያው በቆሎ የተገኘበት አገር ዘሩን መጠበቅ አለበት የሚል ነው። ከሦስት ወር ቀደም ብሎ ሜክሲኮ፣ አሜሪካና ካናዳ ባላቸው የንግድ ስምምነት ሥር የተቋቋመው የዳኞች ቡድን የሜክሲኮ ገደብ በሳይንስ አልተደገፈም ብሎ ለአሜሪካ ፈርዶ ነበር። የዘር ሀብትን መጠበቅ የምደግፈው ውሳኔ ነው፤ ዳኞቹ የጠየቁት ማስረጃ የምግብ ደኅንነትን የሚመለከት መሆኑን ግን መዘንጋት የለበትም።

ሴትነታቸው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሼይንባምን የገጠሟቸው ዋነኛዋ ተፎካካሪ ሶቺትል ጋልቬስም ከዚያው ከኡናም የወጡ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበሩ። ሴቶች ሙሉ የምርጫ መብት በ1953 ባገኙባት አገር ሁለት ሴት የቴክኒክ ባለሙያዎች ለፕሬዝዳንትነት ተፋጠጡ። ይህ በአጋጣሚ አልሆነም። ከ2014 ጀምሮ ፓርቲዎች ለምክር ቤት ከሚያቀርቡት ዕጩ ግማሹን ሴት እንዲያደርጉ ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል፣ በ2019 ግዴታው ወደ ሌሎች የመንግሥት ሥልጣኖች ሰፋ። ክፍያው ከስም ያላለፈ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ሲጨመርበት ውጤቱ ይህ ሆነ።

የሜክሲኮ ፕሬዝዳንት የሚመረጠው ለስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሼይንባም ዘመን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2030 ያበቃል። ሁለት ቀነ ገደቦች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። መንግሥት ፔሜክስ ከ2027 በኋላ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ድጎማ አያስፈልገውም ብሏል። የኤሌክትሪኩ 45 በመቶም በ2030 ንጹሕ ይሆናል ብሏል። ሁለቱም በቁጥር የተቀመጡ ናቸው፤ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ውሃ ሊለኩ ይችላሉ። የኤሌክትሪኩን ዘርፍ ግን የሚቆጣጠረው በኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ያለው አዲሱ ኮሚሽን ነው፤ ሚኒስትሯን የሚሾሙትም ፕሬዝዳንቷ ራሳቸው ናቸው።